ማንበብ የማይችሉት አባትና የልጃቸው ስልክ

«ልጄ፣ ይችን ስልክ አንብቢልኝ እስኪ...»

ስርጉት ቀና አለች።

መተማ ዮሐንስ፣ እናቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የቀን ሠራተኞችን ስልክ ቻርጅ የምታደርገው እሷ ናት። ማንበብ ለማይችሉትም መልእክታቸውን ታነብላቸዋለች። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ምን ይከብዳል?

ሰውየው ጋሽ ደሴ ይባላሉ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው፣ የመጋዘን ጥበቃ ሆነው የቀሩ ናቸው።

«ልጄ ከጠፋች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ» አሉ። «ስልኳን ትራስ ሥር ትታ ነው የሄደች። የሴት ልጅ ምስጢር ለማንም አይሰጥ... አንች ተማሪ ስለሆንሽ ነው።»

«ለፖሊስስ አመለከቱ አባባ?»

«አመልክቻለሁ። ግን አንዲት ጓደኛ አለቻት፣ እሷ ሳታውቅ አትቀርም። ማታ ማታ ስልኳ ጢን ጢን ሲል ነበር የሚያመሽ። እኔማ ደስ ይለኝ ነበር... ሰው አገር መጥታ የሚያስታውሳት አገኘች እያልሁ።»

ስርጉት ስልኩን ከፈተችው።

የየዓለምወርቅ ፎቶ ድቅን አለባት።

የክፍሏ ልጅ... ከጎኗ ትቀመጥ የነበረችው! ትምህርት አቋርጣ ወደ ጎጃም የተመለሰች መስሏት ነበር።

ቴሌግራሙን ነካችው። ከሁሉም በላይ ያለው ስም «የመተማ ጉድ» ይላል።

ይህን አካውንት የከፈተችው ራሷ ስርጉት ናት።

ማንም እንዳይደርስባት ብላ፣ ከድንበር ማዶ፣ ከገላባት በመጣ የሱዳን ሲም። የዓለምወርቅ ክፍል ውስጥ ስታነብ ድምጿን ቀድታ፣ የጎጃም አነጋገሯን ከፍየል ጩኸት ጋር አቀናብራ ለተማሪው ግሩፕ ለቀቀችው። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ጣፈጣት። ከዚያ በየማታው በውስጥ መስመር ለራሷ ለየዓለምወርቅ ስድብ መላክ ጀመረች።

ርእሰ መምህሩ «ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ግን ፈራች። ከአካውንቱ ወጥታ ሲሙን ሰበረችው።

አለቀ ብላ ነበር...

«ምን ትላለች?» አሉ ጋሽ ደሴ።

የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «አንቺ ፍየል! ነገ ክፍል ብትመጪ ጉድሽ ይፈላል።»

«ነገ... ነገ ከክፍል እንዳትቀሪ፣ እጠብቅሻለሁ ትላለች።»

«እሰይ! ከዚያስ?»

ቀጥሎ የተጻፈው፦ «ወደ መጣሽበት ሂጂ። እዚህ የሚፈልግሽ የለም።»

«ካላየሁሽ... ይከፋኛል ትላለች።»

ሽማግሌው በፎጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይች የተባረከች! ወልዳ ትሳም!»

ስርጉትን ምርቃት እንደዚያ ቀን አቃጥሏት አያውቅም።

«የኔ ልጅስ ምን ብላ መለሰች?»

የዓለምወርቅ ወር ሙሉ አልመለሰችም። የመለሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው... በጠፋችበት ዋዜማ። ሲሙ ከተሰበረ በኋላ፣ ስርጉት ሳታየው።

«ስርጉት፣ አንች እንደሆንሽ ካወቅሁ ቆየሁ። ድምፄን ያን ያህል ቀርቦ የሚቀዳ ከጎኔ ያለ ሰው ብቻ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ቦታ የሰጠሽኝ አንች ነበርሽ። ነገ ከአጫጆች ጋር በአይሱዙ ወደ አብርሃ ጅራ ልሄድ ነው፣ ለእርሻ ካምፕ ምግብ አብሳይ ይፈልጋሉ አሉ። እስኪነጋ እጠብቅሻለሁ። አትሂጂ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ከሥሩ ምንም የለም።

«ልጄ? ምን ብላ መለሰች?»

የዓለምወርቅ የሄደችበትን ብቻ ነግራ የራሷን ስም ብትዘለው ማን ያውቅባታል? እሳቸው እንደሆነ አያነቡ!

አፏን ከፈተች።

«ስርጉት» ከሚለው ጀምራ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ፣ የዋሸቻቸውን ሁሉ እንደተጻፈው አነበበችላቸው። እያለቀሰች።

«ስርጉት እኔ ነኝ አባባ።»

ጋሽ ደሴ አልጮሁም። አልተሳደቡም። ስልኩን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱ።

«ምናለ እንደ መጀመሪያው ብትተይው...» አሉ። «ለትንሽ ጊዜ እንኳ ልጄ ጓደኛ ነበረቻት።»

በዚያው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

አብርሃ ጅራ ሲደርሱ አጨዳው አልቆ፣ ካምፑ ተነስቶ፣ ሠራተኛው ተበትኗል። የዓለምወርቅን አየሁ የሚል አልተገኘም። እስከ ዛሬ።

ስርጉት አሁንም መተማ ናት። ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ በገባ ቁጥር ከሱቁ ሮጣ ትወጣና ከላይ የተሳፈሩትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ታያለች...

ወዳጆቼ፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ የወጋም አይረሳም!

ተማሪዎች... አባቷ ፊት ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ የማታነቡትን ለልጅቱ አትጻፉ። በሐሰት ስም ስለጻፋችሁት ቃሉ የሌላ ሰው አይሆንም።

ወላጆችም... የልጃችሁ ስልክ በጮኸ ቁጥር ወዳጅ የመጣ አይምሰላችሁ። ጠይቋቸው።

እስኪ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ ጋሽ ደሴን ብትሆኑ፣ እውነቱን ስላነበበችላችሁ ስርጉትን ይቅር ትሏት ነበር?