ሦስቴ የተጣራው

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱን የጀመረው ካፊያ አላባራም። ፎርማኑ አሮጌውን የኮንክሪት አውራ ጎዳና በብረት ዘንግ እየመታ ያዳምጣል። ጎርፍ ከሥሩ አፈሩን ጠርጎ የወሰደበት ንጣፍ እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል፤ መኪና ባለፈበት ቁጥርም ሲወዛወዝ ከርሟል። ባዶው እንደ አጥሚት በቀጠነ ሲሚንቶ መሞላት ነበረበት።

እንደ ልማዱ በመንገዱ ጠርዝ ተንበርክኮ ጎርፉ ከንጣፉ ሥር ወደ ከፈተው ጨለማ ቀዳዳ ሦስቴ ጮኸ።

«ሰው አለ?»

«ጋሼ፣ ጅብ አቤት እንዲልዎት ነው?» አለ ፓምፑን የያዘው ሠራተኛ።

«ሳቅ አንተ! እኔ ሳልጣራ ደፍኜ አላውቅም።»

መልስ አልመጣም። ሲሚንቶው ተለቀቀ። ከተገመተው ባነሰ መጠን ስለሞላ ፎርማኑ ደስ አለው።

አመሻሽ ላይ አንዲት ቆሎ ሻጭ ምሳ ዕቃ በነጠላዋ ሸፍና መጣች፤ ቀዳዳውን ፈልጋ አጣችው።

«ወንድሜ እዚህ ሥር ነው የሚተኛው» አለች።

«እህቴ፣ ሦስቴ ተጣርቻለሁ! ቢኖር ምነው ዝም አለ?»

«አይሰማም እኮ። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። እኔም የምቀሰቅሰው እግሩን ነክቼ ነው።»

ይህን እያለች ለሥራው ተዘግቶ የዋለው መንገድ ተከፍቶ የመጀመሪያው አውቶብስ በላዩ አለፈ። ንጣፉ አልተወዛወዘም።