የኔነሽ ያሰፋችው ጫማ

ልጅ ሆነን አዲስ ጫማ ሲጠበኝ፣ ታላቅ እህቴ የኔነሽ መጀመሪያ እሷ አድርጋው ታሰፋልኝ ነበር። ቀኝ እግሯን ስለምታነክስ የቀኙ ሶል ሁልጊዜ በውጭ ጎኑ ተበልቶ ይደርሰኝ ነበር። የሞተችው ካናዳ ከመምጣቴ በፊት ነው።

ዘንድሮ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ብቻዬን ስከርም ከሥሩ ብረት ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ "ቤት ውስጥ እያደረግሽ አለማምጂው" አለኝ። ምንጣፍ ላይ ትንሽ ስራመድበት ቁርጭምጭሚቴን ላጠኝ። ለባዶ ቤት ማውራት ለምጃለሁና፣ በሩ ሥር አስቀምጬው "የኔነሽ፣ በሞቴ አስፊልኝ" ብዬ ሥራ ሄድኩ።

አዲስ ብረት ሲገዛ ስለት ስለሌለው፣ ቅዳሜ ላስስለው ወሰድኩት። የሚስሉት አቶ ጸጋአብ ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ልጄ፣ መቼም ከበረዶው ላይ አትወርጂም።"

"ኧረ አዲስ ነው! ገና በረዶ አልነካም።"

"ታዲያ የቀኙ ብረት በውጭ ጎኑ እንዲህ የተበላው ምን አግኝቶት ነው?"

ጫማውን ተቀብዬ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ቆዳው ሰፍቷል። ውስጡም፣ እግር አሁን የወጣበት ያህል ይሞቃል።