የፈነዳው በረዶ

ራሒማ የገመድ አልጋዋን ከጎጆዋ እየጎተተች ታወጣለች። ወደ ሀዋታ የሚሄደው ሎሪ ከውሃ ወረፋው አጠገብ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል።

«አንቺ፣ ጤናም የለሽ እንዴ?» እላታለሁ ከበረዶ ጆንያዬ ጀርባ ሆኜ። በረዶ ሻጭ ነኝ፤ በዚህ በሱዳን፣ በቱነይድባ የስደተኞች ጣቢያ ሐሩር ከኔ በላይ የሚፈለግ ሰው የለም።

«ጅራታም ኮከብ ፈንድቷል አሉ፣ እትዬ በላይነሽ። ያኔ በጦርነቱም ፍንዳታው ሩቅ ነው ሲሉኝ አገሬ ተቀመጥሁ፤ ቤቴ ከነከብቴ ነደደ። አሁንስ አልጠብቅም፤ ሀዋታ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ወሬውን ያመጣችው የልጅ ልጄ ፅናት ናት፤ ገዳሪፍ የተማረች፣ ዓይኗን ከስልኳ የማትነቅል።

«ነይ ወዲህ! ያስበረገግሻት አንቺ ነሽ። ምኑ ነው የፈነዳው?»

«በረዶና አቧራ ነው፣ እምዬ። ድንገት ፈነዳና በረዶውን እንደ ዱቄት በተነው።»

«በረዶ? ማን ወጥቶ ቀመሰው?»

«ማንም። ዓይናችን የማያየው ብርሃን አለ፣ ከቀስተ ደመናው ቀይ ወዲያ፤ ኢንፍራሬድ ይሉታል። በረዶ ከዚያ ብርሃን ለይቶ የሚውጠው አለ። በትልቅ መነጽር ያዩና የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሲያገኙ፣ በረዶ አለ ይላሉ።»

«ባለው ሳይሆን በጎደለው?»

«በጎደለው።»

ያልገባኝን ገባኝ የምል ሴት አይደለሁም። የራሒማን ጎጆ አያለሁ። በሩ ክፍት ነው። አልጋው የነበረበት መሬት ላይ አራት ጉድጓድ ቀርቷል፤ የእግሮቹ።

ራሒማ የአልጋውን ጫፍ እንደያዘች ቆማለች። «ቆይ፣ ሲፈነዳ እሳት የለውም?»

«የለውም» ትላለች ፅናት።

«ወላሂ? ፈንድቶ በረዶ የሚወጣው ነገር አለ?» አልጋውን ለቃ ትመጣና መዳፏን ጆንያዬ ላይ ታሳርፋለች። «ለምን ፈነዳ ታዲያ?»

«ገና እያጠኑት ነው።»

«ያጥኑታ!» እላለሁ። «እነሱ ሳያውቁት አንቺ ወዴት ትሮጫለሽ?» ከዚያ፣ ለማንም ብዬው የማላውቀው ቃል ከአፌ ያመልጠኛል። «አትሂጂብኝ።»

ታየኛለች። ሎሪው ደጋግሞ ይነፋል፤ ቀጥሎ ያለ ራሒማ አቧራውን እየጎተተ ይሄዳል።

አልጋውን ግራና ቀኝ ይዘን እናስገባዋለን። ሦስቱ እግሮች ጉድጓዳቸውን ያገኛሉ። አራተኛው ስቷል፤ በጉልበቴ እገፋዋለሁ።