የኮኩ አንገት

ገጀራው ሲያርፍበት ሐረጉ አይጮህም፤ የሚጮኸው ባሏ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ! ግንዱን እንዳታገኚው!»

«ዞር በል፤ ላንተም እንዳይተርፍህ።»

ዞር ይላል። ሠላሳ ዓመት ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ኖሯል፤ ስለት ከያዘ ሰው መቼ ዞር እንደሚባል ያውቃል።

ሐረጉ የኮኩን ዛፍ ከእግሩ እስከ አናቱ ጠምጥሞ ይዞታል። አንገት ላይ እንደጠበቀ ገመድ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቷል። ጎመኑን ከጨረሰው ሰንብቷል፤ ጽጌረዳዋም የት እንደነበረች የምትታወቀው ስትወጋ ብቻ ነው። ሚስቲቱ ለነሱ ገጀራ አላነሳችም። ኮኩን ግን የተከለችው ልጃቸው ናት፤ በልታ ስታበቃ ፍሬውን በማንኪያ ቆፍራ ቀበረችው። አምስት ዓመቷ ነበር። ዓመት ሳይሞላ እሷን ቀበሯት።

ሐረጉን አጥር ያስጌጣል ብሎ ያመጣው ባሏ ነው። ሲበዛበት በየእሑዱ በሱቁ መቀስ ይከረክመው ጀመር። «ጎንና ጎኑን አሳጠርኩት፤ ከላይ ትንሽ ትቼለታለሁ» ይላል ገብቶ እጁን እየታጠበ። ቁርጥራጩንም አይጥልም። የደንበኞቹን ፀጉር ጠርጎ እያመጣ ለኮኩ ማዳበሪያ ሲያደርግ እንደኖረው ሁሉ፣ እሱንም ጠርጎ እዚያው ግንዱ ሥር ይደፋዋል።

ቁራጩ ሁሉ ሥር አወጣ።

«ዕድሜህን ሙሉ ስትቆርጥ ኖረህ፣ መልሶ የሚበቅለውን አታውቅም?»

«የኔ ደንበኞች ሥር አያወጡም።»

ሳቋ ሊያመልጣት ይደርሳል። በሳቁ ፈንታ ገጀራውን ታወርደዋለች። የሐረጉ ነጭ ወተት ፊቷ ላይ ይፈናጠራል። ገጀራውን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ሐረጉን ጨብጣ ትጎትታለች፤ ቅርፊት ይዞ ይገነጠላል። «ልቀቃት! ልቀቃት አልኩህ!» ለሐረጉ ይሁን ለባሏ አይለይም።

እሱ ሊያግዛት እጁን ይሰዳል። ስለቱ አውራ ጣቱን ያገኘዋል። ደሙን ያያል፤ እሷንም ያያል፤ መሐረቡን ይጠመጥምበታል።

የመጨረሻው ጥምጥም ይወድቃል። ኮኩ ራቁቱን ቆሟል፤ ግንዱን የሚዞረው ስርጉድ ጣት ያስገባል። ከአናቱ አንድ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ነው። አንድ። እሷ ታለከልካለች።

ከኋላዋ የመጥረጊያ ድምፅ ትሰማለች። ባሏ ጎንበስ ብሎ፣ የሱቁ ወለል እንዳይቆሽሽበት እንደለመደው፣ ቁርጥራጩን በጥንቃቄ አንድ ላይ እየሰበሰበ ነው። ሲከመርለት ወደ ኮኩ ሥር ይገፋው ይጀምራል።

ገጀራው ገና ከእጇ አልወረደም።