የቀኝ ጉንጭ

አውቶቡሱ የካራማራን ተራራ ቁልቁለት ጨርሶ ከተማ መግባቱ ሲሰማ፣ መናኸሪያ ቆማ የምትጠብቀው ካሳነሽ ሻሏን ከቀኝ ጉንጯ ላይ በሁለት ጣቷ አነሣ አድርጋ ያዘች። ጨርቁ ፊቷን እንዳይነካት፣ ነፋሱም እንዳያገኛት፤ ልክ እንደ ትንሽ ድንኳን።

«ወደዚህ ዙሪ» አለቻት ጎረቤቷ ዴቃ። ሰፊ ጅልባቧን ዘርግታ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆመች። «እኔ ግድግዳ ነኝ። ግድግዳ ደግሞ የሚያምረው እንደኔ ወፈር ሲል ነው፣ አባዮ።»

ዴቃ «እህቴ» ማለት ሲያሰኛት በሶማልኛ «አባዮ» ነው የምትላት። ካሳነሽ ልትስቅ አለችና ተወችው። ሳቅ ጉንጭ ያንቀሳቅሳል።

ሕመሙ ከጀመራት አምስት ወር ሆናት። መጀመሪያ ጥርስ መስሏት አንድ መንጋጋዋን አስነቀለች። አልተዋትም። ከጎኑ ያለውንም አስነቀለች፤ ደህና ጥርስ ነበር። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ሳያቋርጣት አዳመጣትና ሕመሙ የፊት ነርቭ እንጂ የጥርስ እንዳልሆነ ነገራት። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ሲነሣ ከጆሮዋ ሥር እስከ ከንፈሯ ኤሌክትሪክ እንደ መልቀቅ ነው። አባታችን ሆይ ብላ በልቧ ከጀመረች «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስትደርስ ይለቃታል። ውሃ ያስነሣዋል። ነፋስ ያስነሣዋል። ወሬ ያስነሣዋል። ከሁሉም የምትፈራው ግን ሰላምታን ነው፣ ጉንጭ ለጉንጭ የሆነውን። ለቅሶ ቤት መሄድ ትታለች። እሑድ እንኳ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟት ግንባሯን ብቻ ሰጥታ ቶሎ ዞር ትላለች።

አሁን ደግሞ ልጇ እየመጣች ነው። ሁለት ዓመት ያልሳመቻት ልጇ።

«ክኒንሽን ውጠሻል?» አለች ዴቃ።

ካሳነሽ ዓይኗን ከመናኸሪያው በር ላይ አላነሣችም።

«ካሳነሽ! አንቺን እኮ ነው።»

«ያዞረኛል» አለች ከንፈሯን ገርበብ ብቻ አድርጋ። «ስንገዳገድ እንድታየኝ አልፈለግሁም።»

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ! ሐኪሙ ሲያምሽ ሳይሆን በሰዓቱ ዋጪ አላለሽም? አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አልሰማሁም? ቢያዞርሽ እኔ እይዝሽ የለም እንዴ? ለምን ይመስልሻል አላህ ይሄን ሁሉ ክንድ የሰጠኝ?»

ከሦስት ወር በፊት ነው። እፀገነት ከአዲስ አበባ ደውላ «እማዬ፣ ትግሉ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ካሳነሽ ትግሉን ትወደዋለች። እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ያኔ መታት። ስልኩ ከእጇ ወድቆ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መልእክት መጻፍ ብቻ ሆነ። «ደህና ነኝ።» «እሺ።» «ስትመጪ እናወራለን።» ልጅቷ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ ብላ ሕመሟን ደበቀቻት። ልጅቷ ግን ዝምታውን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ትናንት የላከችው አጭር ነበር፦ «እየመጣሁ ነው። ካልፈለግሽው ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

ዛሬ ጉንጯን ብትነሣት መልስ ሰጠች ማለት ነው።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ መናኸሪያው ውስጥ ገባ። አቧራ ተነሣ፤ ባጃጆች ተንጋግተው በሩን ከበቡት። «እመቤቴ፣ ለዛሬ ብቻ» አለች ካሳነሽ በልቧ።

እፀገነት ወረደች። ከስታለች። ሻንጣዋን መሬት ላይ ጣል አድርጋ «እማዬ!» እያለች እጆቿን ዘርግታ መጣች፤ እንደ ልጅነቷ፣ በሩጫ።

የካሳነሽ እግር ሳታዘው ወደ ኋላ ሄደ።

አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። እፀገነት ግን አየችው። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። «ስልክ የዘጋሽብኝ ሳያንስ?»

«ስሚ ልጄ፣ እናትሽ እኮ...» ብላ ዴቃ ስትጀምር ካሳነሽ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት። ይሄ በሌላ ሰው አፍ የሚነገር አይደለም። ነፋሱ በዴቃ ጅልባብ ጠርዝ ዞሮ ሲመጣ ይሰማታል። ሻሏን ለቀቀችና አፏን ከፈተች።

«አልዘጋሁብሽም። እልል ልል ነበር። ፊቴን... ነርቭ ነው አሉኝ። ትግሉን እኮ እኔ...»

መታት።

ግማሽ ፊቷ ተኮማተረ። እጇ ወደ ጉንጯ ሄዶ ሳይነካው መንገድ ላይ ቆመ። ድምፅ አላወጣችም። ዴቃ ከጀርባዋ ደግፋ ያዘቻት። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ አልለቀቃትም። «በደላችንንም ይቅር በለን» ላይ ደርሳ ነው ዓይኗን የገለጠችው።

እፀገነት በእጇ አፏን ይዛ ቆማለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። «ማን ያስታምምሻል?»

«ግድግዳዋ» አለች ዴቃ። «በዚያኛውም በኩል እንዳትስሚያት። ዛሬ ክኒኗን አልዋጠችም።»

እፀገነት ራሷን ነቀነቀች። ዞራ መጥታ ከዴቃ ጎን፣ ነፋሱ በሚገባበት ክፍተት ላይ ቆመችና ወደ እናቷ ጎንበስ አለች።

ካሳነሽ የልጇ ፊት ሲቀርብ አየች። አልሸሸችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቶቿን ጨብጣ ጠበቀች።

ምንም አልነካትም።

ስትገልጥ የልጇ ጉንጭ ከቀኝ ጉንጯ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ነበር። እፀገነት ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ፊቷ እስኪቀላ ትንፋሿን ይዛለች።