ሁለተኛው ጉርሻ

ሲሀም በሰው አገር፣ በሚኖሩበት የካርልተን ሰፈር ፎቅ ላይ፣ ጃፓናዊቷ ጎረቤታቸው ቤት ተቀምጣ ራመኗን፣ ኑድል የሚባል ቀጭን ፓስታ ያለበትን ሾርባ፣ በድምፅ እየሳበች ስትበላ እናቷ ዙሃራ ገረመመቻት። ልጅቷ ግን ከጎኗ የዘረጋችውን የጃፓን ባለሥዕል የታሪክ መጽሐፍ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «እማ፣ እዚህ ላይም እንዲህ ነው የሚበሉት» አለች በእንግሊዝኛ። እቤት ወጥ ሲቀርብላት ፊቷን የምታጨማድድ ልጅ ሾርባውን እስከ ጠብታው ጨለጠችው። ዙሃራ እንዳታመካኝ እንኳ፣ ሴትዮዋ ዶሮውን የገዛችው ፉትስክሬይ ድረስ ሄዳ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር።

ሴትዮዋ ይባስ ብላ በመብያ እንጨቶቿ ኑድሉን ጠቀለለችና፣ ግራ እጇን ከሥር ዘርግታ ወደ ዙሃራ አፍ አስጠጋች። «ጉርሻ» አለች ፈገግ ብላ። ማን እንዳስተማራት ግልጽ ነበር። ዙሃራ ከቤቷ የጠፋ ዕቃ ሰው እጅ ላይ ያየች ያህል ደሟ ፈላ። እምቢ ማለት ነውር ሆነባትና ጎረሰች። ጣፈጣት፤ መጣፈጡ ደግሞ የባሰ አንገበገባት።

ሴትዮዋ ደግማ ጠቀለለች። ሲሀም የእናቷን ጉልበት ነካ አድርጋ፣ አሁን በአማርኛ፣ «ጉረሺ እንጂ እማ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ትዪ የለ?» አለቻት።

ዙሃራ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«አንዱ ይበቃኛል» አለች።