ሰባተኛው ወረቀት

ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስድስት ልጆች በአማካሪዋ ክፍል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ እናታቸው በር ላይ ስትስማቸው የሚያፍሩበት ዕድሜ። ስብሰባው የእነሱ ነው። አንዱ የሌላውን ጭንቀት ይሰማል እንጂ ትልቅ ሰው አይመክርም። አማካሪዋ እንኳ እዚያ የምትገኘው ሰዓት ለመጠበቅ ነው።

ሕጉ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንቱ የከበደውን ነገር ያለ ስም ይጽፍና ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ሣጥን ይከተዋል። ማክሰኞ ሲደርስ ወረቀቶቹ እንደ ዕጣ ይወጣሉ፤ የደረሰው ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ለጸሐፊው መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው ሕግ፣ «ያንተ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው።

አንድ ማክሰኞ ሰባት ወረቀት ወጣ።

«አንዱ ሁለቴ ከቷል» አለ ራዲዮ። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ አፉ ስለማይዘጋ።

በሰባተኛው ወረቀት ላይ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ በኃይል ተጭነው የተጻፉ ነበሩ። «እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል። ስሜን የሚጠራኝ የለም» ይላል።

አማካሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና አነበበችው። አምና አንዲት ልጅ እዚሁ ክብ ውስጥ «ደክሞኛል» ብላ ጽፋ ነበር። አማካሪዋም «ፈተና ሲደርስ የማይደክመው ማን አለ?» ብላ አለፈችው። ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቷ በሕይወት አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ያቺ አንድ ቃል አለቃትም፤ እንጀራዋን ስትቆርስም፣ ታክሲ ስትጠብቅም ትመጣባታለች።

ልጆቹ ሲወጡ ራዲዮ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ቲቸር፣ የሷ ነው እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«የማን?»

«የአምናዋ።»

«ሂድ ወደ ክፍልህ!» አለችው። ወረቀቱን ግን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን ሊመልሱ ገቡ። ሰሌዳውን እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ መስመር በመስመር አጠፉ።

«ፊትሽ ጠቁሯል ልጄ። ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማማ» አለች አማካሪዋ። አልበላችም።

በሚቀጥለው ማክሰኞም ሰባት ወረቀት ወጣ። «ወንበር ሲቆጠር እኔ አልቆጠርም» ይላል ሰባተኛው። አማካሪዋ ሳታስበው ዓይኗን ወደ አዲሷ ልጅ ወረወረች። አዲሷ ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጣች ገና ወሯ ነው። የመጣች ዕለት ወንበር ጎድሎ ከጎረቤት ክፍል ተጎትቶ ነበር የመጣላት። በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፤ «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም።

አማካሪዋ በዚያው ቀን የልጆቹን ደብተሮች ልትዋስ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። በሩ አጠገብ ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ እንደወትሮው ተጨናንቋል፤ የፈተና ፕሮግራም፣ በዚህ ወር ጡረታ የሚወጡ ሠራተኞች ዝርዝር፣ የጠፋ ጃኬት። ምኑንም ሳታነብ አለፈች። የስድስቱንም ደብተር ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። የማንም እጅ ጽሑፍ አልገጠመም።

«ሆን ብላ እጇን ለውጣለች» አለች ለራሷ። በማግስቱ የገዛ ሕጓን አፈረሰች።

«ያንቺ ነው?»

«አይደለም» አለች አዲሷ።

«አልቆጣሽም እኮ።»

«አይደለም አልኩ!»

አማካሪዋ አላመነቻትም። አምና አቅልላ በማለፏ የሆነውን ታውቃለች። የልጅቷን እናት አስጠራች። እናትየው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች፤ የልጇን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ እያለቀሰች በረበረች። አዲሷ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር።

በሦስተኛው ማክሰኞ የአዲሷ ወንበር ባዶ ሆነ። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ያው ትልልቅ ፊደል ያለው ወረቀት አለ።

«ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው። ደህና ሁኑ።»

አማካሪዋ በሩን በርግዳ ወጣች። ኮሪደሩ ገና መወልወሉ ነበርና ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ቀስ በይ ልጄ፣ እርጥብ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፤ ዞር አላለችም። መጸዳጃ ቤቱን አየች፤ የለችም። ደረጃው ሥር አየች፤ የለችም። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ስታነብ አገኘቻት። ዘላ አቀፈቻት። እንባዋ መጣ።

«እኔ አይደለሁም ቲቸር» አለች አዲሷ። «ስንት ጊዜ ልንገርዎት?»

አሁን አመነቻት። ማመኑ ደግሞ ከመጠርጠሩ ባሰ። እሷ ካልሆነች፣ ከትምህርት ቤቱ ስድስት መቶ ልጆች አንዱ የመጨረሻ ቀኑን እየቆጠረ ነው፤ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቀርቷል።

ተያይዘው ተመለሱ። አዲሷ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው።

«እኔ ልመልስ» አለች።

«ለማን? ሰውየው እዚህ የለም እኮ» አለ ራዲዮ።

«ይሰማ ይሆናል።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ደፉ ላይ ቆመች። ወር ሙሉ ያልወጣት ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

«ማን እንደሆንሽ አላውቅም! እኔም ስገባ ወሬ ይቆማል። ወንበር ከሌለሽ የኔን ውሰጂ። እንዲሁ እንዳትሄጂ! ነይ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጪ!»

አማካሪዋ አምና ያላለችው ይኼንኑ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ቀስ ያለ የእግር ኮቴ ተሰማ። እየቀረበ መጣ። ራዲዮ የአማካሪዋን እጅጌ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«የቱ ጋ ልቀመጥ ልጆቼ?» አሉ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ።